ለየትኛው ማሽን? «ሊነክስ ከርነል ኢን ኤ ነትሼል» ለጥገና ክፍላችን ሲመዘን

በዚህ እትም የምንመዝነው መጽሐፍ ልብ ወለድ አይደለም፤ ታሪክም አይደለም። «ሊነክስ ከርነል ኢን ኤ ነትሼል» ይባላል። ጸሐፊው ግሬግ ክሮ-ሃርትማን ሲሆኑ፣ ኦራይሊ የተባለው አሳታሚ በ2006 አወጣው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት መቶ ገጽ አይሞላም። ደራሲው ስለ ከርነል ከሩቅ ሰምተው የጻፉ ሰው አይደሉም። ለብዙ ዓመታት የተረጋጉትን የሊነክስ ከርነል እትሞች እያስተካከሉ ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። መጽሐፉን ያነሳነው ለኮምፒውተር ጥገና ኮርሳችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መማሪያ ይሁን የሚል ሐሳብ ስለቀረበ ነው። እኔ ይሁን ከሚሉት ወገን ነኝ። ግን እንዳለ አይደለም። አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለበት፤ ቀዳዳው ደግሞ ልክ እኛ የቆምንበት ቦታ ላይ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሜሞሪ ላይ ይጫናል፤ ከዚያ ወዲያ ፕሮሰሰሩ የማንን ሥራ እንደሚሠራ፣ ሜሞሪው ለማን እንደሚሰጥ፣ ዲስኩና የኔትወርክ ካርዱ ማንን እንደሚታዘዙ የሚወስነው እሱ ነው። የሊነክስ ከርነል ምንጩ ክፍት ስለሆነ ማንም ሰው ለማሽኑ እንዲስማማ አድርጎ ሊያዋቅረው ይችላል። «ሜክ ሜኑኮንፊግ» ብላችሁ ስታዙ ስክሪኑ ላይ ረጅም የጥያቄ ዝርዝር ይከፈትላችኋል። ለእያንዳንዱ ወይ ይግባ፣ ወይ ይቅር፣ ወይም ሞጁል ሆኖ ሲፈለግ ይጠራ ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ጥያቄዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። አብዛኞቹን ብትስቱ የሚጎድለው ድምፅ ወይም ካሜራ ነው። መልሱ ከተሳሳተ ማሽኑን ገና ከመጀመሪያው መስመር ላይ የሚያስቆመው ጥያቄ ግን ይሄ ነው፦ ፕሮሰሰራችሁ የትኛው ነው?

ለምን ለእኛ አጣዳፊ ሆነ? መጽሐፉ የታሰበለት አንባቢ ፊቱ አንድ ኮምፒውተር አለ። ከርነሉን እሱው ላይ ይሠራል፣ እሱው ላይ ያስነሳል። የኛ ክፍል ግን እንደምታውቁት በስጦታ የተሞላ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ የ2003 ላፕቶፕ፣ የ2008 ሚኒ ላፕቶፕ፣ ኮር ቱ ዱዮ ዴስክቶፕና ራስበሪ ፓይ ተደርድረው ይገኛሉ። ከርነል ኮምፓይል የሚደረገው ፈጠን ባለው ማሽን ላይ፣ ጄኔሬተሩ በሚሠራበት ሰዓት ነው፤ የሚነሳው ግን በሌላው ላይ ነው። መጋዘን ውስጥ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ከተለጠፈባቸው መካከል ዕቃቸው ያልተበላሸ፣ የማይስማማቸው ከርነል የተሰጣቸው ብቻ አሉ። የሞተን ማሽን እምቢ ካለ ማሽን ለይቶ የሚያውቅ ቴክኒሽያን ማውጣት ነው እንግዲህ የኮርሱ ቁም ነገር። መጽሐፉንም የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

በመልካሙ እንጀምር። ደራሲው ይህን መጽሐፍ ለመከተል ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም ይላሉ፤ ቃላቸውንም ጠብቀዋል። አረፍተ ነገሮቻቸው አጫጭር ናቸው። ትእዛዙን ያሳያሉ፣ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ያሳያሉ፣ ይቀጥላሉ። ገና ሥራው ሳይጀመር ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ፦ ከርነል ስታዋቅሩም ሆነ ኮምፓይል ስታደርጉ በ«ሩት» አትግቡ፤ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ሲጫን ብቻ ነው። ምክንያቱንም አይደብቁም። ቀደም ሲል በግንባታው ሂደት ውስጥ የነበረች ትንሽ ስህተት፣ በሩት ሆነው በሚሠሩ ሰዎች ማሽን ላይ «ዴቭ» ከሚባለው ፎልደር ልዩ ፋይሎችን አጥፍታለች። አንድ ኮምፒውተር ለስንት ልጅ በሚዳረስበት ክፍል ይህቺ ምክር ብቻ የመጽሐፉን ወጪ ትመልሳለች። (ወጪ ካለው ነው እንግዲህ፤ እሱን በኋላ።)

የመጽሐፉ ልብ ምዕራፍ 7 ነው። ጥያቄው ይህ ማሽን የትኞቹን ድራይቨሮች ይፈልጋል የሚል ነው። ብዙ መመሪያ የካርዱን ስም ከሳጥኑ ላይ አንብብ ይላል። የኛ ማሽኖች ሳጥን የላቸውም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ሽፋን የላቸውም። ክሮ-ሃርትማን የሚያሳዩት ሌላ መንገድ ነው። መጀመሪያ ማሽኑን ከዲስትሪቢውሽን ጋር በሚመጣው ሁሉን አቀፍ ከርነል አስነሱት። ከዚያ «ሲስ» የተባለው ፎልደር ውስጥ ግቡና ማሽኑ ራሱ የያዘውን ይናገር። ከመሣሪያው ወደ ድራይቨሩ፣ ከድራይቨሩ ወደ ሞጁሉ ስም፣ ከሞጁሉ ስም ደግሞ በምንጩ ውስጥ ባሉት ሜክፋይሎች በኩል ወደ ኮንፊገሬሽኑ ጥያቄ ይደረሳል። የትውልድ ሐረግ እንደመቁጠር ነው፤ የማን ልጅ፣ እሱስ የማን ልጅ እየተባለ ይወጣል። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ተማሪ ከዚያ በኋላ ስለ ማሽን የሚጠይቀው ማሽኑን ነው፤ ሰው አይጠይቅም።

አሁን ወደ ቀዳዳው። ምዕራፍ 8 ደራሲው «ረሲፒ» የሚሏቸው አጫጭር መመሪያዎች ስብስብ ነው። አንዱ ስለ ፕሮሰሰር ዓይነት ነው። ሲጨመቅ ሁለት ነገር ይላል፦ ከርነሉ የሚነሳበትን ፕሮሰሰር አመሳስላችሁ ምረጡ፤ ለብዙ ዓይነት ማሽን የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ «ጄኔሪክ ኤክስ86» የሚለውን ምረጡ። በቃ። ወደሚቀጥለው ወጥ ይሄዳሉ። ሽሮ ለመሥራት ውሃ አፍሉና ሽሮ ጨምሩ እንደማለት ነው። ልክ ነው፣ ግን የሚያውቀውን እንጂ የማያውቀውን አይረዳም።

የመጀመሪያው ምክር ምንም አይወጣለትም። ተማሪን ገደል የሚሰደው ሁለተኛው ነው። «ጄኔሪክ» የሚል ቃል የሰማ ልጅ «እንግዲያው ሁሉም ላይ ይነሳል» ብሎ ይደመድማል። አይነሳም። ጥያቄው ላይ ቆማችሁ የጥያቄ ምልክት ስትጫኑ የሚመጣውን የከርነሉን የራሱን ሄልፕ አንብቡ። ይህ ምርጫ የሚያደርገው ለመረጣችሁት ፕሮሰሰር ከተደረገው ማመቻቸት በተጨማሪ ለሌሎቹም የሚስማማ ማመቻቸት ማስገባት ነው። የሚነካው ፍጥነትን ነው። ወለሉን አያወርድም። ወለሉን የሚወስነው «ፕሮሰሰር ፋሚሊ» በሚለው ስር የመረጣችሁት ስም ነው። ፔንቲየም ፕሮን መርጣችሁ ጄኔሪክን ብታበሩ፣ ከፔንቲየም ፕሮ በታች ያለው ማሽን ያው ደጅ ቀርቷል። ሲነሳም የሚለው ግልጽ ነው፦ ይህ ከርነል ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፣ ያገኘሁት ግን አምስተኛ ትውልድ ነው፤ ለፕሮሰሰርህ የሚሆን ከርነል ተጠቀም። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ግን ይህን ጥቁር ስክሪን አይቶ «ተበላሽቷል» ቢል አይፈረድበትም።

ስለዚህ ሊጻፍ የሚገባው ደንብ ይህ ነበር፦ ከርነሉ ሊነሳባቸው ከታሰቡት ማሽኖች ሁሉ ዝቅተኛውን ፈልጉ፣ ቤተሰቡን በሱ ልክ ምረጡ፣ ከዚያ ጄኔሪክን ጨምሩ። ለዝቅተኛው የተሠራ ከፍተኛው ላይ ይነሳል፤ ለከፍተኛው የተሠራ ዝቅተኛው ላይ ላይነሳ ይችላል። በመጽሐፉ ዘመን ዝርዝሩ የሚጀምረው ከ386 ነበር። ከከርነል 3.8 (2013) ወዲህ 386 ጭራሽ ወጥቷል።

«ዝቅተኛ» ማለት ግን «አሮጌ» ማለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ላይ መጽሐፉም ሆነ የከርነሉ ሄልፕ ተማሪውን በስም ክምር መሀል ይተዉታል፦ ፔንቲየም፣ ኬ6፣ ክሩሶ፣ ዊንቺፕ፣ ሳይሪክስ፣ ጂኦድ። የገበያ ስም ነው ሁሉም። ቪያ ሲ3 የሚባለው ፕሮሰሰር ከፔንቲየም ፕሮ በብዙ ዓመት ኋላ የወጣ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ዓይነቶቹ «ሲሞቭ» የምትባለዋን የፔንቲየም ፕሮ ትእዛዝ አያውቋትም። በዓመተ ምሕረቱ አዲስ ነው፣ በችሎታው ግን አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። መታወቂያው የልደት ቀኑ ሳይሆን «ፕሮክ» ፎልደር ውስጥ ባለው «ሲፒዩኢንፎ» የተባለ ፋይል ላይ «ፍላግስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው መስመር ነው። እያንዳንዷ አጭር ቃል ፕሮሰሰሩ የሚችላት ነገር ናት። ያቺን መስመር ማንበብ የሚያስተምር ሁለት ገጽ ቢኖር ኖሮ መጽሐፉ ለኛ ሙሉ ይሆን ነበር።

አንድ ምሳሌ ዘርዘር አድርጌ ላንሳ፤ በጣም ስለሚያጋጥም። ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር በተለመደው መንገድ የሚደርሰው እስከ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ነው። «ፒኤኢ» የሚባል ዘዴ መጥቶ ይህን ወደ 64 ጊጋባይት አሰፋው። በመጽሐፉ ዘመን በነበረው ኮንፊገሬሽን «ሃይ ሜሞሪ ሰፖርት» የሚለው ጥያቄ ሦስት መልስ ነበረው፦ ይቅር፣ 4 ጊጋባይት፣ 64 ጊጋባይት። መጽሐፉ ጥያቄውን ከጊጋባይት አንጻር ነው የሚያየው፤ ብዙ ሜሞሪ ካላችሁ ከፍ ያለውን ምረጡ የሚል አካሄድ ነው። ልጆቻችን ታዲያ «ትልቁን ልምረጥ፣ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። የሚጎዳው ይሄ ነው፦ 64ን የመረጠ ከርነል ፒኤኢ የሌለበት ፕሮሰሰር ላይ አልነሳም ይላል፤ ማሽኑ ያለው ሜሞሪ 512 ሜጋባይት ብቻ ቢሆንም እንኳ።

የ2003ቱ ፔንቲየም ኤም፣ ቲንክፓድ ቲ40 እና ኤክስ31 ውስጥ ያለው፣ እዚህ ወጥመድ ውስጥ የገባ ነው። ፍላጎቹ ውስጥ «ፒኤኢ» የሚል ቃል የለም። ብዙ ዲስትሪቢውሽኖች ደግሞ ፒኤኢ ያለበትን ከርነል ብቻ ማቅረብ ጀመሩ፤ ኡቡንቱ በ12.10 እትሙ (2012) ያለፒኤኢ የሚነሳውን ተወ። ምክንያት አልነበራቸውም አልልም። ዳታ የተቀመጠበት ሜሞሪ ላይ ፕሮግራም እንዳይሄድ የሚከለክለው የደኅንነት ዘዴ ያለ ፒኤኢ አይሠራም። ውጤቱ ግን ያ ላፕቶፕ አንድ ቀን አዲስ ሲዲ ሲገባበት ቆመ፤ ባለቤቱም ለተቸገረ ይሁን ብሎ ሰጠው። የሚያስቀው (የሚያሳዝነውም) ነገር ፕሮሰሰሩ ፒኤኢን ይችላል። እችላለሁ ብሎ አለመናገሩ ነው ችግሩ። በከርነል 3.15 (2014) «ፎርስፒኤኢ» የምትባል የማስነሻ ቃል ተጨመረች፤ ከርነሉን «ዝም ብለህ ሞክረው» የምትል ናት። መጽሐፉ ከዚያ በፊት የወጣ ስለሆነ በምዕራፍ 9 የማስነሻ ቃላት ዝርዝር ውስጥ አትፈልጓት። በዚህ አልወቅሰውም። የምወቅሰው ሜሞሪ የሚመስለው ጥያቄ በእውነቱ የፕሮሰሰር ጥያቄ መሆኑን ሳይናገር በማለፉ ነው፤ ይሄ በ2006ም ይታወቅ ነበር።

ጉዳዩ ያለፈ ዘመን ወሬ ነው የሚል ካለ አይደለም። አቶም ኤን270 የሚባለው ፕሮሰሰር ያለባቸው የ2008 ሚኒ ላፕቶፖች ፍላጋቸው ላይ «ኤልኤም» የለም፤ 64 ቢት አይችሉም ማለት ነው። በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ኤክስ86 ማሽን መጫኛም ከርነልም ማቅረብ አቁሟል። ከዚያ በፊት ዴቢያን 12 (2023) ጂኦድ የተባሉትን ፕሮሰሰሮች አሰናብቷል፤ «ረጅም ኖፕ» የምትባል ምንም የማትሠራ ትእዛዝ ስለማያውቁ። ምንም የማትሠራ ትእዛዝ ባለማወቅ መባረር! ጂኦድ ያለባት አረንጓዴና ነጭዋ ኤክስኦ-1፣ 433 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 256 ሜጋባይት ሜሞሪ ያላት የልጆች ላፕቶፕ፣ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሩዋንዳ ትምህርት ቤቶችም የገባች ናት።

ፕሮጀክታችን ውስጥ አንዳንዶች «ከርነል ካዋቀርን አሮጌ ማሽን ሁሉ ይድናል» ሲሉ እሰማለሁ፤ እዚህ ላይ ቀዝቀዝ ማለት ያስፈልጋል። ከርነል ብቻውን አይበላም። በላዩ የሚሄዱት ፕሮግራሞችም ለዚያው ፕሮሰሰር የተሠሩ መሆን አለባቸው። 256 ሜጋባይት ሜሞሪ ላይ የዛሬ ኢንተርኔት ማሰሻ መክፈትም ሌላ ጣጣ ነው። ትክክለኛውን ፕሮሰሰር መርጦ የሚገኘው ፍጥነትም ሰው እንደሚያወራው አይደለም፤ ተጠቃሚ ጽሑፍ ሲጽፍ አያስተውለውም። ትርፉ ማሽኑ መነሳቱ ነው፤ ከተነሳ በኋላ ደግሞ የማይፈለጉ ድራይቨሮች ሲቀነሱ ከርነሉ ማነሱና ኮምፓይል የሚደረግበት ሰዓት ማጠሩ ነው። ጄኔሬተር በሰዓት ለሚበራበት ሰፈር የመጨረሻዋ ቀላል አይደለችም።

መጽሐፉ ከኤክስ86 ወጣ ሲል ደግሞ ይደክማል። በአንዱ ማሽን ላይ ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ስለመሥራት በምዕራፍ 4 አጭር ክፍል አለው። «አርክ» በሚለው ቃል የፕሮሰሰሩን ዓይነት፣ «ክሮስ ኮምፓይል» በሚለው ደግሞ ኮምፓይለሩን ትነግሩታላችሁ ይላል፤ አርምን በምሳሌ ያነሳል። ጥሩ ነው። ግን ያንን ቃል ስታዋቅሩም ኮምፓይል ስታደርጉም ሁለቱንም ጊዜ መድገም ግድ መሆኑ በደማቅ መጻፍ ነበረበት። አንዱ ላይ ከተረሳ ሥራው እናንተ ወደተቀመጣችሁበት ማሽን ዓይነት ይመለስና ያዋቀራችሁት ሁሉ ይዘበራረቃል።

ከሁሉም በላይ የምዕራፍ 7 ብልሃት ራስበሪ ፓይ ላይ አይሠራም፤ ቢያንስ እንዳለ አይሠራም። ፒሲ ላይ ያለ ካርድ ሲጠየቅ ማን እንደሆነ ይናገራል። አርም ቦርድ ላይ የተበየዱት ነገሮች ብዙዎቹ ዲዳ ናቸው። ከርነሉ የት እንዳሉ የሚያውቀው «ዲቫይስ ትሪ» ከሚባል የተጻፈ ዝርዝር ነው። ይህ አሠራር በአርም ላይ የተስፋፋው መጽሐፉ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ምዕራፍ የለውም። ለዚህ ክፍል የራስበሪ ፓይ አምራቾች የሚያወጡትን መመሪያ መጠቀም ይሻላል። ለመጀመሪያው ፓይ አንድ የተዘጋጀ ኮንፊገሬሽን፣ ለፓይ 4 ሌላ፣ ለፓይ 5 ሌላ እያለ የትኛውን እንደምትጽፉ ይነግራችኋል። የዚያ መመሪያ ድክመት ግን የተገላቢጦሽ ነው፦ ምን እንደሚጻፍ ይነግራል፣ ለምን እንደሆነ እምብዛም አይናገርም። ልጁ ቀድቶ ይጽፋል፣ ከርነሉ ይነሳል፣ ምንም አልተማረም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስተማር ነው የሚያዋጣው።

ስለ ዕድሜው ሌላ የሚነሳ ነገር አለ። መጽሐፉ የሚሠራው በከርነል 2.6.18 ነው። ከ2.6.32 (2009) ጀምሮ «ሎካልሞድኮንፊግ» የምትባል ትእዛዝ አለች። በዚያች ሰዓት የተጫኑትን ሞጁሎች አይታ ሌላውን ሞጁል ታጠፋለች፤ ምዕራፍ 7 በእጅ የሚሠራውን በደቂቃ ትጨርሳለች። «እንግዲያ ምዕራፍ 7 ምን ያደርጋል?» ይባል ይሆናል። ትእዛዟ የምታየው ያን ጊዜ የተሰካውን ብቻ ነው። ፕሪንተሩ ካልተሰካ ፕሪንተሩን ትረሳለች። ስለ ፕሮሰሰሩ ቤተሰብም አትመርጥላችሁም። ምዕራፉን በእጁ ያልሠራ ልጅ የጎደለውን የት ሄዶ እንደሚመልስ አያውቅም። መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በትእዛዟ።

የመጽሐፉ ሰፊ የኋላ ክፍል የማጣቀሻ ዝርዝር ነው፤ ብዙው አርጅቷል፣ ዛሬ ከከርነሉ ሄልፕ ማንበብ ይቀላል። ለማተም ወረቀት አታባክኑበት።

ወጪውን በኋላ ብዬ ነበር። ደራሲው መጽሐፉን በነጻ ለቀውታል፤ ፈቃዱ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለው ነው። ስማቸውን እስከጠቀስንና የሠራነውን በዚያው ፈቃድ እስካካፈልን ድረስ ማባዛትም፣ ማሻሻልም፣ መተርጎምም እንችላለን። ማንንም መለመን የለብንም። እንግሊዝኛው ከባድ ባይሆንም ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን መከተል ያለበት ልጅ በአማርኛ ቢያገኘው ግማሽ ድካሙ ይቀልለታል። ስለዚህ ሐሳቤ ምዕራፍ 4፣ 5 እና 7 ይተርጎሙ ነው፤ ከምዕራፍ 8 የፕሮሰሰሩና የሜሞሪው መመሪያ ተወስዶ እንደገና ይጻፍ፣ ፍላጎችን ስለማንበብ ሁለት ገጽ ይጨመርበት። «ፒኤኢ»፣ «ሲሞቭ»፣ «ኤልኤም» የሚሉት ሦስቱ ቃላት ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃሉ። የምዕራፍ 7 ረቂቅ ትርጉም ተጀምሯል። ማየት ወይም ማገዝ የምትፈልጉ ከሰዓት በኋላ ጥገና ክፍል ብቅ በሉ፤ ፍላሽ ዲስክ ይዛችሁ ኑ። መጋዘን ካሉት ላፕቶፖች የሁለቱን ፍላግ ገልብጠን ሰሌዳው ላይ ጽፈናል፤ የቀሩት ገና ናቸው።